ቱሉ ዲምቱ፡ ከተማ ሲመጣ ዕፅዋቱ ወዴት ይሄዳሉ?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ ቱሉ ዲምቱን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት የጀመረው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድ መነሻው እዚያ ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ሲሆን፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የባሌው ቱሉ ዲምቱ ሞክሼው ነው። የባሌው ተራራ በጅብራውና በውርጭ ምድር ዕፅዋቱ ከዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎችን ሲስብ ኖሯል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሞክሼው ግን ስሙ የሚነሳው በኮንዶሚኒየሙ፣ በአደባባዩና በትራንስፖርት ወረፋው እንጂ በዕፅዋቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ በዚህ የከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ ላይ የዕፅዋት ታሪክ ተመራማሪን የሚያጓጓ ለውጥ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ተካሂዷል። ጤፍና ሽምብራ ሲያፈራርቅ የኖረ ጥቁር መሬት ተቆፍሮ፣ ሌላ አፈር ተደልድሎበት፣ ሕንፃ ቆሞበታል። በማሳው ዳር የነበረው ሣርና አበባ ሄዶ ሌላ መጥቷል። የሄደው ምን ነበር? የመጣውስ ምንድን ነው? ለውጡ ለነዋሪው ምን አተረፈለት? ምንስ አጎደለበት? እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ የሚመረምረው የሳይንስ ዘርፍ የከተማ ሥነ ምኅዳር ይባላል።

ፍርስራሽ ላይ የበቀለ ሳይንስ

የዕፅዋት ተመራማሪዎች ለረዥም ዘመን ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ጫካና ወደ ተራራ ነበር። ከተማ የሰው እንጂ የተፈጥሮ ቦታ ተደርጎ አይታይም ነበር። አልፎ አልፎ ግን ከዚህ ልማድ የወጡ ነበሩ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ዲኪን እ.ኤ.አ. በ1855 ባሳተሙት መጽሐፍ በሮም ኮሎሲየም ፍርስራሽ ላይ ብቻ የበቀሉ 420 የዕፅዋት ዝርያዎችን ዘርዝረዋል።

ዘርፉ ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆኖ የቆመው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምዕራብ በርሊን ነው። ከተማዋ በቦምብ ፈርሳ፣ ኋላም በግንብ ተከባ ስለነበር ተመራማሪዎቹ እንደ ልባቸው ወደ ገጠር መውጣት አይችሉም ነበር። በመሆኑም ሄርበርት ዙኮፕና ባልደረቦቻቸው በፍርስራሹ ላይ፣ በባቡር ሐዲዱ ዳርና በተተዉ ግቢዎች ውስጥ የበቀለውን መመዝገብ ያዙ። በሥራቸውም ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ ከተማ የራሱ የሆነ የዕፅዋት ማኅበር አለው፤ በኖራና በሲሚንቶ የተሞላው አፈር፣ ሙቀቱና የሰው እግር የየራሳቸውን ምርጫ ያደርጋሉ። ሁለተኛ፣ የዕፅዋት ካርታ ለከተማ ፕላን ይጠቅማል። በርሊን የትኛው ባዶ ቦታ ይገንባ፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን ስትወስን ይህንን ካርታ መመልከት ጀመረች።

ዛሬ ተመራማሪዎች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። አንደኛው በከተማ ውስጥ የሚገኙትን መናፈሻዎች፣ ወንዞችና የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ለየብቻ ማጥናት ነው። ሁለተኛው ከተማውን በሙሉ፣ ከውኃውና ከቆሻሻው፣ ከነዋሪውና ከገበያው ጋር እንደ አንድ ሥርዓት ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት የ110 ከተሞችን ዕፅዋትና የ54 ከተሞችን አእዋፍ መርምሮ ነበር። በስፋት ተመዝኖ ሲታይ፣ ከተሞቹ ያልተገነባ መሬት ይይዘዋል ተብሎ ከሚገመተው የዝርያ ብዛት ውስጥ የቀራቸው ከዕፅዋት 25 በመቶ፣ ከአእዋፍ ደግሞ 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጥናቱ የሚያጽናና ነገርም አለው። በአብዛኞቹ ከተሞች ከሚገኙት ዝርያዎች የሚበዙት አሁንም አገር በቀል ናቸው። ከተማ ሁሉን ያጠፋል ማለት አይደለም፤ የሚያስቀረውና የሚያጠፋው እንደ አሠራሩ ይለያያል።

ጥቁሩና ቀዩ አፈር

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ አንድ ሺሕ ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አላት። ሰሜኑ የጥድ፣ የወይራና የኮሶ አገር ነው። ደቡቡ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ሜዳውንም የሠራው ጥቁሩ አፈር ነው።

ገበሬው መረሬ ወይም ኮትቻ የሚለው ይህ የዋልካ አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል ተብሎ ይገመታል። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሲያብጥ የዛፍ ሥር አየር ያጥረዋል፤ ሲሰነጠቅ ሥሩ ይበጣጠሳል። እንዲህ ዓይነቱ ሜዳ በተፈጥሮው ጫካ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ሣር ይበዛበታል፤ አለፍ አለፍ ብሎ ግራር ይቆምበታል። ገበሬው ይህን ጠባይ አውቆ ጤፉን በክረምቱ ይዘራል፣ ሽምብራና ጓያውን ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ አፈሩ ባቆረው እርጥበት ያበቅላል።

በአቃቂ ዙሪያ የሚታዩት ቀያይ ኮረብታዎች የሌላ ታሪክ ውጤት ናቸው። ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ቀይ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ጠጠር ክምር ናቸው። ይህ ድንጋይ ውኃ እንደ ወንፊት ያሳልፋል፤ ውስጡም ውኃ ያጠራቅማል። አዲስ አበባ ከከርሰ ምድር የምታወጣው ውኃ ትልቁ ምንጭ የሆነው የአቃቂ የጉድጓድ ውኃ መስክም የተመሠረተው በእንዲህ ዓይነት ቀዳዳማ አለት ላይ ነው።

ይህ ለዕፅዋት ጥናት ምን ያገባዋል? ሸክላማው ጥቁር አፈር ቆሻሻ ውኃ ቶሎ ወደ ታች እንዳይሰርግ ያዘገያል። ከላዩ ያለው ሣርም ጎርፉን ያረጋጋል። አፈሩ ለግንባታ ሲነሳ ወይም ቀዩ ጠጠር ለመንገድ ድልዳል ሲቆፈር ከላይ ያለው ብክለት ወደ ታችኛው ውኃ የሚወርድበት መንገድ ያጥራል። የቱሉ ዲምቱ ሣር ጉዳይ መሃል ከተማ ባለ ቤት ቧንቧ ከሚቀዳው ውኃ ጋር የሚገናኘው በዚህ መንገድ ነው።

ከማሳ ወደ ኮንዶሚኒየም

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ከመሃል ከተማ ወደ ዳር ሲሰፋ የአቃቂ ሜዳ ከዋና ዋናዎቹ መድረሻዎች አንዱ ሆነ። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦና ኮዬ ፈጬ ተከታትለው ተገነቡ። ብዙ ሺሕ ቤተሰብ ዕጣ ወጥቶለት የቤት ባለቤት ሆነ። በዚያው ልክ በመሬቱ ላይ የኖረ ገበሬ ተነሣ፤ የመነሣቱና የካሳው ጉዳይም እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ብርቱ የፖለቲካ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

በዚህ ሒደት ዕፅዋቱ የሚያልፉባቸውን ደረጃዎች ማንም ነዋሪ በሰፈሩ ሊያስተውላቸው ይችላል። የመጀመሪያው ግንባታው ከመድረሱ በፊት ማሳው ጦም የሚያድርበት ጊዜ ነው። እርሻ ያቆመ መሬት ላይ ሙጃና ሜጭ ይነግሣሉ። ሁለቱም የገበሬው የቆዩ ጠላቶች ናቸው፤ ማረስና ማረም ሲቀር ሜዳውን ይወርሱታል።

ሁለተኛው ደረጃ ቁፋሮና ድልዳሎ ነው። ሕንፃ በሚያብጥና በሚሰነጠቅ መሬት ላይ ስለማይቆም ጥቁሩ አፈር ይነሣና በምትኩ ግንበኞቹ «ሰሌክት» የሚሉት የተመረጠ ማቴሪያል ይሞላል። እዚህ ላይ የሚጠፋው አፈሩ ብቻ አይደለም። በላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ዝናብ የሚጠብቅ የዘር ክምችት አለ። ሜዳው በየክረምቱ ራሱን የሚተካው ከዚያ ጎተራ እያወጣ ነው። አፈሩ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሲሄድ ጎተራው አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ደረጃ የእንግዶቹ ነው። በአሸዋው፣ በጠጠሩና በመኪናው ጎማ የመጡ ዘሮች በአዲሱ መሬት ላይ ይበቅላሉ። አስተናግር፣ ጉሎ፣ ጠለንጅና እምቧይ በአዲስ አበባ የግንባታ ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አስተናግር ዘሩ መርዛማ በመሆኑ ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ ቸል ሊባል የማይገባው ነው። ከሁሉም የከፋው ግን በኦሮምኛ ፈረምሲስ፣ በአማርኛ ቅንጬ አረም የሚባለው ነጭ አበባ ያለው የአሜሪካ ምድር አረም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የመንገድ ዳርን ተከትሎ ይስፋፋል። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል፣ በዙሪያው ያሉትን ዕፅዋት የሚያቀጭጭ ንጥረ ነገር ያመነጫል፣ በሰው ላይም የቆዳና የመተንፈሻ አለርጂ ያስከትላል። ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ ከውጭ መጥቶ፣ ተፈትኖና ተራብቶ በአገራችን ለቁጥጥር ተለቅቋል።

አራተኛው ደረጃ ነዋሪው ሲገባ የሚጀምረው ነው። በብሎኮቹ መካከል ሰርዶ ይተከላል፤ በጓሮ ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ ይታያሉ። አንዳንዱ ከትውልድ መንደሩ ችግኝ ይዞ ይመጣል። የኮንዶሚኒየም ግቢ ዕፅዋት ለተመራማሪ የነዋሪውን አመጣጥ፣ አመጋገብና ትዝታ የሚያሳዩ ሰነዶች ናቸው።

የአደይ አበባ ጉዳይ

በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ የከተማው ሰው ቶሎ የሚያስተውለው አንድ ተክል አለ። አደይ አበባ ነው። በኦሮሞዎች ዘንድ ኬሎ የሚባለው ይህ አበባ ዝናቡን ተከትሎ ያድግና በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል። ያለ እርሱ እንቁጣጣሽም፣ መስቀልም፣ ኢሬቻም አይታሰቡም።

አደይ በአብዛኛው ማንም ሳይተክለው የሚበቅል፣ ዘሩን በአፈር ላይ ጥሎ ለሚቀጥለው ክረምት የሚደርስ ተክል ነው። በሳይንስ ቢደንስ የሚባለው ወገን ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የሚገኙትን የዚህ ወገን ዝርያዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። ማሳ ዳር፣ ግጦሽ መሬትና ገደል አፋፍ ይወዳል። እነዚህ ደግሞ ከተማ ሲሰፋ አስቀድመው የሚጠፉት ቦታዎች ናቸው። የተደለደለና ሲሚንቶ የለበሰ መሬት የዘር ጎተራ የለውም። በየመስከረሙ ሜዳውን የሚሸፍነው አበባም ከሩቅ መጥቶ በእስር የሚሸጥ ሸቀጥ ይሆናል።

አደይ ከምድረ ገጽ ሊጠፋ የተቃረበ ተክል አይደለም። አንድ ተክል ሳይጠፋ ከአንድ ሰፈር ልጆች እጅ ግን ሊርቅ ይችላል። የከተማ ሥነ ምኅዳር ተመራማሪዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ ትኩረት የሚሰጡትም ለእንዲህ ዓይነቱ መራራቅ ነው። አበባው የት እንደሚበቅል ያላየ ሕፃን ሲያድግ ስለ ሜዳው የሚቆረቆርበት ምክንያት ያንሰዋል።

ባሕር ዛፍ ያስተማረው

ለአዲስ አበባ የዕፅዋት ለውጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ። አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ከውጭ የገባው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። ለማገዶም፣ ለአጥርም፣ ለምሰሶም ሆነ። ዛሬም በየግንባታው ዙሪያ የምናየው መወጣጫ በአብዛኛው የባሕር ዛፍ ነው።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል አይበረክትም፤ ቁልቁለት ላይ ሲተከል መሬቱ ራቁቱን ይቀርና ጎርፍ ያጥበዋል። በእንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ከተጀመረ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል።

ሆኖም ፍርዱ አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ጉዲና ለገሠ ፈይሳና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ መናፈሻዎች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ የመናፈሻ ዛፎች ሙቀትን የመቀነስ አቅም እንደ ዝርያቸው እንደሚለያይ አሳይተዋል። ከተመረመሩት ውስጥ የተሻለ የማቀዝቀዝ አቅም የታየው በባሕር ዛፍ ሥር ሲሆን፣ ዝቅተኛው በግራቪሊያና በፈረንጅ ጥድ ሥር ነበር። የጥላው ስፋት፣ የመናፈሻው መጠንና ቅርጽም ለውጥ ያመጣሉ። አንድ ዛፍ ለውኃው ጎጂ፣ ለጥላው ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም «የትኛው ዛፍ ጥሩ ነው?» ከማለት ይልቅ «የት፣ ለምን ዓላማ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ጥያቄው ለቱሉ ዲምቱ እጅግ አስፈላጊ ነው። ጥድ ውኃ የማይቋጥር መሬት ይወዳል። በዋልካ ጉድጓድ ውስጥ ተተክሎ ክረምቱን በውኃ ውስጥ የሚያሳልፍ የጥድ ችግኝ ዕድሉ የመነመነ ነው። ግራር ግን በእንዲህ ዓይነት ሜዳ ዘመናት ያስቆጠረ የቦታው ባለቤት ነው። ለእንጦጦ የተመረጠ የችግኝ ዝርዝር ለአቃቂ አይሠራም።

ወንዙ፣ ጎመኑና እንቦጩ

ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች የሚነሡት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። ሲወርዱ የቤቱን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውንና የቆዳ ማልፊያውን ዝቃጭ ይዘው ነው። በዳርቻቸው ደግሞ ለከተማዋ ገበያ የሚቀርብ አትክልት በዚሁ ውኃ ይለማል።

ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ የሚለሙ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች የያዙትን የብረታ ብረት መጠን መርምረዋል። እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች በአትክልቶቹ ውስጥ ይገኛሉ። መጠኑ ግን በየአትክልቱ ይለያያል፤ ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ያከማቻል። ምክንያቱ ዕፅዋት ከአፈር የሚስቡትን የሚመርጡበት መንገድ እንደየዝርያቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ከባድ ብረት በማጠብም በመቀቀልም አይጠፋም፤ ያለው በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነውና። መፍትሔው ከምንጩ፣ ማለትም ፋብሪካው ፍሳሹን አጣርቶ እንዲለቅ ከማድረግ ይጀምራል።

አባ ሳሙኤል ሌላም ነገር ያሳያል። በአቃቂና በአባ ሳሙኤል ዙሪያ ያለው ረግረግ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአእዋፍ ጠቃሚ ተብለው ከተመዘገቡት የኢትዮጵያ ሥፍራዎች አንዱ ነው። በአውሮፓ ክረምት ወራት ክሬን የሚባሉት ባለ ረጃጅም እግር ወፎች መጥተው በታጨደው ማሳ ላይ ቃርሚያ ይለቅማሉ። የኃይል ማመንጫው ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሷል። የውኃው ገጽ ግን የእንቦጭ መኖሪያ ከሆነ ቆይቷል። እንቦጭ በኢትዮጵያ የተመዘገበው ጣና ላይ ከመታየቱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው። ከከተማ ፍሳሽ የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለእርሱ እንደ ማዳበሪያ ነው። እንቦጩን ነቅሎ ፍሳሹን መተው ማሳውን እያዳበሩ አረሙን እንደ መርገም ይቆጠራል።

ማን ይመዝግብ?

ኢትዮጵያ ይህን ሁሉ ለማጥናት ባዶ እጇን አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሔርባሪየም እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ከመላ አገሪቱ የተሰበሰቡ ከ80 ሺሕ በላይ የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎችን ይዟል። እያንዳንዱ ናሙና የተገኘበት ቦታና ቀን ተጽፎበታል። በዚህ መሠረት ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ለሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል ከስዊድን ጋር በትብብር ተሠርቶ፣ ስድስት ሺሕ ገደማ ዝርያዎችን የሚገልጹ ስምንት ቅጾችን አስገኝቷል። ከዝርያዎቹ ውስጥ አንድ አሥረኛው ያህል በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። ሥራውን ከመሩት አንዱ ሰብስቤ ደምሰው (ፕሮፌሰር) እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

በከተማዋ አስተዳደርና በዩኒቨርሲቲው ትብብር የተመሠረተው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም በ705 ሄክታር ላይ አገር በቀል ዕፅዋትን ይጠብቃል፣ ያራባል፣ ያስጠናል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እንደ ኩመላቸው የሺጥላ ያሉት ደግሞ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር አዲስ አበባን በመሬት አጠቃቀምና በአረንጓዴ ሽፋን ዓይነት ከፋፍለው፣ የትኛው ሰፈር ለሙቀትና ለጎርፍ እንደሚጋለጥ የሚያሳይ ካርታ ሠርተዋል።

እነዚህ ትልልቅ ሀብቶች ናቸው። ነገር ግን ጉለሌ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለ የሰሜን አዲስ አበባ ማዕከል ነው፤ አፈሩም፣ ከፍታውም፣ ዕፅዋቱም ከአቃቂ የተለዩ ናቸው። ከሳተላይት የሚሠራ ካርታ ደግሞ አረንጓዴውን ያሳያል እንጂ አረንጓዴው አደይ ይሁን ፈረምሲስ አይለይም። ለዚያ መሬት ላይ ወርዶ፣ ካሬ ለክቶ፣ ቅጠል ቆጥሮ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ገመድ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ዕፅዋት የሚያውቅ ሰውና ናሙና የሚያደርቅ የቆየ ጋዜጣ ይበቃሉ። በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ አካባቢ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርት ቤቶችና የኮንዶሚኒየም ማኅበራት በአንድ ክረምት ሊጀምሩት የሚችሉት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጊዜው የሚያጥርበት የዕውቀት ምንጭ ገበሬው ነው። የትኛው አረም ምን ዓይነት አፈር ላይ እንደሚወጣ፣ የትኛው ሣር ለከብት እንደሚስማማ፣ የትኛው ሥር ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን በኦሮምኛና በአማርኛ ስም የሚያውቁ አዛውንቶች በአካባቢው ኖረዋል። መሬቱ ሲለወጥና ቤተሰቡ ሲበተን ይህ ዕውቀት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ማሳ አይኖርም።

ስንት ተተከለ? ምን በቀለ?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ የአረንጓዴ ሥራ መለኪያው በአመዛኙ የተተከለው ቁጥር ሆኗል። በአዲስ አበባም የእንጦጦ ፓርክ፣ የወንዝ ዳርቻ ልማትና የመንገድ ዳር አረንጓዴዎች ተከታትለው ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 2027 እንዲያገለግል የተዘጋጀው የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላንም 30 በመቶ የሚሆነው መሬት ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ እንዲውል ያስባል።

መትከል መልካም ነው። የከተማ ሥነ ምኅዳር በዚህ ላይ የሚጨምራቸው ጥያቄዎች ግን አሉ። ከተተከለው ከሦስት ዓመት በኋላ የቆመው ስንት ነው? የተተከለው ለአፈሩ ይስማማል? ሳይተከል ሲበቅል የኖረውን ምን አደረግነው? የመጨረሻው ጥያቄ በቱሉ ዲምቱ ዓይነት ሰፈር ውስጥ እጅግ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ሜዳ አስቀድሞ የነበረው ጫካ ሳይሆን ሣርና አበባ ነው። ሣር ደግሞ ለዓይን «ባዶ መሬት» ይመስላል። በፕላን ላይ ባዶ ተብሎ የሚቀባው ቦታ ጎርፍ የሚያረጋጋ፣ የከርሰ ምድር ውኃ የሚጠብቅ፣ ወፍ የሚመግብና የመስከረምን አበባ የሚያወጣ መሬት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚወጡት ምክሮች ውስብስብ አይደሉም። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ክረምት የቦታው ዕፅዋት ይመዝገቡ። የላይኛው አፈር ሲነሣ እንደ ቆሻሻ ከመጣል ተጠብቆ ለግቢው አረንጓዴ ቦታ ተመልሶ ይልበስ፤ በውስጡ ያለው ዘር ብዙ ነገር በነፃ ይመልሳልና። በየብሎኩ መካከል ካለው ቦታ ጥቂቱ እስከ መስከረም ማለቂያ ሳይታጨድ ይቆይ። ፈረምሲስ ግን አበባ ከማውጣቱ በፊት፣ በጓንት፣ ከነሥሩ ይነቀል።

ይህ ሲሆን በቱሉ ዲምቱ የሚያድግ ልጅ እንቁጣጣሽ ሲደርስ የሰፈሩን አደይ ከገበያ ሳይጠብቅ ከብሎኩ በስተጀርባ ቀጥፎ ለጎረቤቱ ያደርሳል። ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ሰፈሩ ከቀድሞው ሜዳ የሚቀረው ስሙ ብቻ ይሆናል።